ቡና በላው የተባለው አጥንት

እናቴ እግሯን የሰበረችው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ነው። ከከፍታ አልወደቀችም። ከድንጋዩ ደረጃ ላይ ሸርተት አለች፣ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፣ ከዚያ መነሣት አቃታት። ክረምት ነበር። በክረምት ደሴ ላይ የማይንሸራተት የለም፤ ሰው ይወድቃል፣ ይስቃል፣ ጭቃውን ያራግፍና መንገዱን ይቀጥላል። እናቴም እንደዚያው የምትነሣ መስሏት ጎረቤታችን ከደጇ ሆና ሳቀችባት።

«ምነው እቴ፣ ደረጃ ላይ ዱአ ያዝሽ እንዴ?»

«ኧረ ተይኝ፤ እግሬ ጮኸ» አለች እናቴ።

እግሬ ተሰበረ አላለችም። እግሬ ጮኸ ነው ያለችው። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር፤ የሰማሁት ግን ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ዝናብ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ሻሿን እያጠበቀች ስትሮጥ ሳቋ ገና ከፊቷ ላይ አልጠፋም ነበር።

እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር አጥንት አይሰበርም። እናቴ ገና አላረጀችም፤ ጸጉሯ እንኳ ከግንባሯ በቀር አልሸበተም። ሰው ሁሉ «አጥንቷን ምን ነካው?» ያለው ስለዚህ ነው። መልሱን ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀው ነበር። ያውቀው ስለነበረ ነው ሌላ መልስ የፈለገለት።

ስለ ወተቱ አስቀድሜ ልናገር። ታናሽ ወንድሜ ለጦርነት በአፈሳ የተወሰደው በዚያው ዓመት በጋ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከጓደኞቹ ጋር መንገድ ላይ ከበቧቸው፣ ጭነት መኪና ላይ ሰቀሏቸው፣ መኪናው ወደ ሰሜን ሄደ። ያን ቀን ጠዋት ከገራዶ ወተት ይዛ የምትወጣው ሴትዮ መጥታ ነበር። እናቴ የልጇ ደረት ደካማ ነው ብላ ወተቱን ለእሱ ብቻ ነበር የምታስቀምጥ። እሷና እኔ ቡናችን ይበቃናል። ኩባያው በሰሃን ተከድኖ መደብ ላይ ጠበቀው። አልመጣም። በማግስቱ ወተቱ ረጋ። እናቴ አልደፋችውም፣ ለማንም አልሰጠችውም። የሰፈሩ ሴቶች ለቡና ሲሰበሰቡ ኩባያውን እንደያዘች ገብታ መሐላቸው ቆመች።

«ወላሂ፣ ልጄ እስኪመጣ ድረስ ወተት ባፌ አይዞርም። እርም ነው» አለች። ከዚያ እርጎውን ወጥታ ለጎረቤት ውሻ አፈሰሰችለት።

ማንም አልተገረመም። በዚያ ዓመት ሰፈራችን እንዲህ ባለ መሐላ ተሞልቶ ነበር። ልጇ የተወሰደባት ሁሉ አንድ ነገር ትተዋለች። አንዷ ልጇ እስኪመለስ ፍራሽ ላይ አልተኛም ብላ ሰሌን ላይ ታድራለች። አንዷ ሂና አልቀባም ብላለች። አንዷ ደግሞ ሥጋ እርም ነው ስትል ጎረቤታችን አላስቻላትም፤ «አንችስ ብልጥ ነሽ፣ የሌለሽን ነገር ነው የተውሽ!» ብላ አስቃናለች። መሣቃችን እውነት ነበር፤ መሐላዎቹም እውነት ነበሩ። እነዚያ እናቶች ወደ ቀበሌ ሄደው የሚሉት ቃል አልነበራቸውም፤ ልጄን መልሱ ያለች አንዲት ሴት ምን እንደተባለች ሰምተዋል። ስለዚህ የሚወዱትን አንድ ነገር አላህ ዘንድ መያዣ አድርገው ልጃቸውን ይጠይቁበት ነበር።

ያልተዉት ቡናውን ብቻ ነው። እሱን መተው አይቻልማ። እኛ ሰፈር ዱአ የሚደረገው በቡና ላይ ነው፤ ስኒ ይዞ አሚን ይባላል፣ የየልጁ ስም እየተነሣ «በሰላም መልሰው» ይባላል። ቡናውም ቢሆን እንደ ልብ አልነበረም። ከሌላ አገር የሚመጣው ኬላ ላይ ይያዛል፤ የቀበሌው ሱቅ ዛሬ ቢሰጥ ከርሞ ነው የሚሰጥ። ሴቶቹ ካላቸው ላይ እያዋጡ፣ የተቆላ ገብስ እየደባለቁ፣ ጨው ጣል እያደረጉ ነበር የሚጠጡት። መልኩ ቡና ነው። ጣዕሙን አልመሰክርም።

ወንድሜ ከሄደ ወዲህ እናቴ ምሳ መብላት ተወች። መሐላ ገብታበት አይደለም፤ እንዲሁ ከእጇ ላይ ጠፋ። እኔ በዚያን ጊዜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ፈተል ክፍል ነበር የምሠራ። ጠዋት በጉም ውስጥ ከደሴ ወርጄ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዤ፣ ከታች ፀሐይ አገኛለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሥር ክር ስቀጥል ውዬ ተመልሼ ወደ ጉሙ እወጣለሁ። ቤት ስገባ ሁልጊዜ የምጠይቃት አንድ ነበር።

«ምሳ በላሽ?»

«ቡና ጠጣሁ።»

«ቡናማ እህል አይደለም።»

«ገብስ አለበት» ትለኛለች።

እግሯን በሰበረች ቀን የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። ጀሶ ታሰረላት፣ ክራንች ተሰጣት፣ በሉ ሂዱና አስተኟት ተባልን። አስተኛናት። ክረምቱ እስኪጋመስ ተኛች። ለሁለተኛ ጊዜ በጋሪ ስንወስዳት ግን፣ ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ደጋግሞ አየው። ገና ወጣት ነው፤ ለደሴ አዲስ ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥ።

«አጥንቱ አልያዘም» አለ።

«ምን ማለትህ ነው ልጄ?» አለች እናቴ።

«እስካሁን መያያዝ ነበረበት። አጥንትዎ ሳስቷል። እዩት፣ ከዳር እስከ ዳር ጥላ ነው የሚመስል።» ራጁን ወደ እኛ አዞረው። እኔ ያየሁት ጢስ ነው። «ምግብዎ እንዴት ነው? ቡና ይጠጣሉ?»

«ቡና የማይጠጣ ሰው አለ?»

«ስንት ስኒ?»

«ኧረ ስኒ ይቆጠራል እንዴ! አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም።»

«ጠዋት?»

«ጠዋትም።»

«ከሰዓትም?»

«ከሰዓትማ ዋናው ነው።»

«ማታስ?»

እናቴ ወደ ጎረቤታችን ዞረች፤ እሷም አብራን መጥታ ነበር። «ይሄ ልጅ ሊከሰኝ ነው መሰል» አለቻት።

ሐኪሙ ሣቀ። ከዚያ በደንብ አስረዳን፤ ይህን ልመስክርለት። ቡና ሲበዛ አጥንት የሚጠነክርበትን ነገር ከሰውነት በሽንት ያስወጣል አለ። ሰው ወተት የሚጠጣ ከሆነ፣ እርጎና አይብ የሚበላ ከሆነ፣ ያ የወጣው ይተካል፤ ብዙም አይጎዳ። ወተት ሳይቀምሱ፣ ምሳ ሳይበሉ፣ ፀሐይ ሳይሞቁ ቡና ብቻ ከሆነ ግን ከአጥንቱ ላይ እየተነሣ ይሄዳል። «ስለዚህ ቡናውን ይቀንሱ። ወተት ይጠጡ፤ በየቀኑ። ፀሐይም ይሙቁ» አለ።

ወተት ሲል ጎረቤታችን መሬት መሬት አየች። እናቴ ፊቷ አልተለወጠም።

«ቡና ጥርስ አለው እንዴ?» ነው ያለችው። «ስንት ዘመን የጠጣሁት ቡና ዛሬ አጥንት ይበላል?»

«ጥርስ ባይኖረውም ይበላል» አላት።

ቤት ደርሰን ሳናበቃ ወሬው ሰፈሩን ሞላው። ጎረቤታችን ናት ያዳረሰችው። ግን ግማሹን ነው ያዳረሰችው። ሐኪሙ ሦስት ነገር ተናግሮ ነበር፤ ከሦስቱ ወተቱ የለም፣ ፀሐዩም የለም፣ ወደ ቧንቧ ውሃ የገባው ቡናው ብቻ ነው። እኔ ልረማት ስል ወደ ጓሮ ሳበችኝና እጄን ጨበጠችው።

«ስለ ወተቱ አታንሺ።»

«ለምን? እሱ አይደል መድኃኒቷ?»

«መሐላዋን አፍርሺ ልትያት ነው? ከሰው ፊት? ነገ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን በማን ሊላከክ ነው? በኔና ባንች ነዋ! ቡናውን እንጩህበት፤ ቡና መሐላ የለበትም።»

ይህን ስትል ክፋት አልነበራትም። የእሷም ልጅ እዚያው ሰሜን ነው፤ ሰሌን ላይ የምትተኛው ሴት እሷ ናት። ሰፈሩ በሙሉ እንዲሁ ነበር። የእናቴን አጥንት ያሳሳው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ያን ቃል ካፉ ያወጣ ሰው የአንድ ወታደር ነፍስ በእጁ የገባ ይመስለዋል። ቡና ተከሰሰ። ቡና መልስ አይሰጥም፣ ማንንም አይገድልም፣ ልጅም የለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ያስቃል፤ ያኔም ያስቀኝ ነበር። ሴቶቹ ስኒያቸውን ይዘው ቅልጥማቸውን ያንኳኳሉ። አንዷ ክርኗን እያሻሸች «እኔንስ ከዚህ ጀምሮኛል» ትላለች። ሌላዋ «ቡናው ገብስ በዝቶበታል፣ አጥንታችንን ለመብላት ቀድሞ ራሱን ማግኘት አለበት» ትላለች። ግን ከመካከላቸው አንዲት እንኳ ቡና አላቆመችም። የተከለከለችው እናቴ ብቻ ናት። ተሸክመው ያመጧታል፣ ትራስ ያደርጉላታል፣ ስኒ ሲዞር ግን ያልፏታል። እጇ ባዶ እንዳይሆን ብለው በስኒ ሙቅ ውሃ ይሰጧታል።

እናቴ ያን ስኒ ይዛ ዱአው እስኪያልቅ ተቀመጠች። ወንድሜ ሲጠራ ሁሉም «አሚን» አሉ። እሷ ወደ ውሃው ታያለች።

«በውሃ አሚን ይባላል?» አለችኝ ቤት ስንገባ።

«አላህ ስኒ ውስጥ ያለውን አያይም እማ።»

«አንች በምን አወቅሽ?»

 ያን ሰሞን መልስ የሌለኝ ነገር ሁሉ ያናድደኝ ነበር። ፈተል ክፍል ውስጥ የማሽኑ ጩኸት ሰው እንዳያነጋግረኝ ስለሚያደርግ ግጥም የማወጣበት ሰዓት ነው፤ ያን ሰሞን ግን ከአፌ የሚወጣው እርግማን ነበር። በነጋታው ከሥራ መልስ ወደ ሆጤ ሰፈር ሄድሁ። እዚያ ጨርቅ የሚነግዱ፣ አያታቸው ከየመን የመጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ሃይማኖቱ የሚጠይቃቸው ሸኽ አሉ። ሱቃቸው ውስጥ አቡጀዲ እየተረተሩ አገኘኋቸው።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሸኽዬ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። የዚያች እግሯን የተሰበረችው ሴትዮ ልጅ አይደለሽም? አፊያዋስ?»

ነገርኋቸው። መሐላዋንም፣ ሐኪሙ ያለውንም። መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ታማሚን ጾም እንኳ አስፈትቶታል። አላህ በሰው አይከብድም። ወተቱን ትጠጣ፣ ለመሐላዋ ማካካሻ ከፋራ ታውጣ። ድሆች ታብላ።»

«ሸኽዬ፣ ድሆቹ እኛ ነን።»

«እንግዲያ ሦስት ቀን ትጹም።»

«እሷማ የምትበላበትን ቀን ነው የምንፈልግ።»

ሊሥቁ ነበር፤ ተዉት። ጨርቁን መልሰው እየጠቀለሉ፣ «የኔም ትንሹ እዚያው ነው» አሉኝ።

«እርስዎስ ምን ተዉ?»

«እሱን አትጠይቂኝ» አሉ።

የሸኹን ቃል ለእናቴ ስነግራት በጥሞና አዳመጠችኝ። የተቀበለችው መስሎኝ ኩባያ ላነሣ ተነሣሁ።

«ተቀመጭ። ሸኽዬ እውነታቸውን ነው፤ አላህስ ይምረኛል። ጥይቱስ?»

«የምን ጥይት?»

«ወተቱን በጠጣሁ ቀን ጥይቱ ያገኘዋል።»

«እማ! ጥይት አንች ምን እንደጠጣሽ በምን ያውቃል?»

«ታዲያ ምን ያውቃል? ማንን እንደሚመታ ያውቃል? እስከዛሬ ያልመታው በምን ይመስልሻል?»

«አንችስ? እግርሽስ? ሲመጣ ተኝተሽ ልትቀበይው ነው?»

«ይምጣ እንጂ፣ ተኝቼ እቀበለዋለሁ።»

እንደ በግ የዋህ የነበረች ሴት እንደ ድንጋይ ሆነችብኝ። ጮኽሁባት። እሷም ጮኸችብኝ። ጎረቤታችን ግድግዳውን እየደበደበች «ኧረ ለሰው ጆሮ!» አለችን። 

ወተት እምቢ ካለች ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ከኮምቦልቻ ገበያ ሰሊጥ አመጣሁ፤ አብሽ አጠጣኋት፤ ጎመን በየቀኑ ቀቀልሁ። አይብ ቀላቅዬ ልሰጣት ስል አሸተተችውና «ከወተት የወጣ ወተት ነው» ብላ ሰሃኑን መለሰችልኝ። ፀሐይ ትሙቅ ተብሎ ነበር፤ የነሐሴ ደሴ ፀሐይ የት ታመጣለች? ወንበር ደጅ አውጥቼ ጉም ውስጥ አስቀምጣታለሁ፤ ብርድ ልብሷ ረጥቦ ትገባለች። ፀሐይዋ ኮምቦልቻ ነበረች። በየቀኑ ወደ እሷ እወርድ ነበር፤ አምጥቼ ላሞቃት ግን አልችል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ወሰንሁ። ወተቱን ላስጠጣት ካልቻልሁ ቡናውን አላስነጥቃትም። የቀረን ቡና አንድ እፍኝ ቢሆን ነው፤ ገብስ ሳልቀላቅል ቆላሁት፣ ወቀጥሁት፣ አፈላሁትና ጎረቤታችን ባለችበት ለእናቴ ሰጠኋት።

«ሐኪሙን ልትከራከሪ ነው?» አለችኝ ጎረቤታችን።

«ሐኪሙን አይደለም። ሐኪሙ ሦስት ነገር ተናግሮ አንዱን የመረጥነው እኛ ነን።»

ጎረቤታችን ፊቷን አዞረች። እናቴ ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ አሸተተችው። ዱአዋን በሙሉ ድምፅዋ አደረገች። ወንድሜን በስሙ ጠራችው፣ የጎረቤታችንን ልጅ በስሙ ጠራችው፣ ሰፈሩ ያጣቸውን ሁሉ ጠራቻቸው። አሚን አልን።

ኋላ እጄ በገባ የጤና መጽሐፍ ውስጥ ስለዚህ ነገር የተጻፈ ፈልጌ አንብቤያለሁ። ሐኪሙ ያለው ልክ ነው። ቡና ከአጥንት የሚወስደው አለ፤ የሚወስደው ግን ትንሽ ነው፤ ጥቂት ጉንጭ ወተት ይመልሰዋል። መጽሐፉ ወተቱን ማን እንደወሰደው አይናገርም። ያን ሰሞን ፈተል ክፍል ውስጥ አንዲት ግጥም መጣችልኝ፤

ቡናዬስ ጠቆረ፣ ደረሰ በረካ፣
ወተቴን የጠጣው ግንባሩ ነው ለካ።

ለማንም አልተናገርኋትም። ከማሽኑ ጩኸት ሥር ለራሴ አልኋት። በዚያ ዘመን ከዚህ ያነሰ ቃል ሰው አስበልቷል።

መስከረም ጠባ። ጉሙ ሳሳ። አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ስመለስ ጎረቤታችን አውቶቡሱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆማ አገኘኋት። እዚያ ቆማ አይቻት አላውቅም። ሳልወርድ ነው የገባኝ፤ የእኔ ነው ወይስ የእሷ የሚለው ብቻ ነበር ያልገባኝ።

ክንዴን ያዘችኝ። «አንድ የሆጤ ልጅ ቆስሎ ከግንባር መጥቷል። ከወንድምሽ ጋር ነበር። በዐይኔ አይቻለሁ፣ በእጄ ቀብሬዋለሁ ብሏል።»

«መቼ?»

«በሐምሌ።»

በሐምሌ። እናቴ ወተት ሳትቀምስ፣ ምሳ ሳትበላ፣ እግሯ አልይዝ ብሎ ተኝታ። መሐላው አልተነካም። ጠብታ አልገባበትም። ጥይቱ ግን ሄዶ አግኝቶታል።

«መርዶው ነገ ማለዳ ነው» አለችኝ። «ሸኽዬም ይመጣሉ። ዛሬን ትደር። አደራ፣ ፊትሽ እንዳይነግራት።»

አገሩ እንዲህ ነው፤ ሞት በማለዳ ነው የሚነገር። ቤት ገባሁ። እናቴ ከሰሏን አያይዛ ጀበናዋን ጥዳ ነበር።

«ዘገየሽ» አለችኝ።

«አውቶቡሱ ነው።»

«ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ክር ነው። ዐይኔ ገብቶ።»

ቡናውን ቀዳችልኝ። ስኒዋን አነሣች። «ያ ረቢ፣ የመንገዱን እሾህ ንቀልለት። በሰላም መልስልኝ።» ቀና ብላ አየችኝ፤ አሚኑን እየጠበቀች ነው።

«አሚን» አልሁ።

ስለ ማለዳው ብዙ አልጽፍም። ሸኹ ገቡ፣ ሴቶቹ ከኋላቸው ገቡ፣ እናቴ የሸኹን ፊት አየችና ማንም ሳይናገር «ሐምሌ ላይ ነው አይደል?» አለች። እንዴት እንዳወቀች ዛሬም አላውቅም። ጠይቄያትም አላውቅ።

ለቅሶው ቤቱን ሞላው። ቡና ይፈላል፣ ስኒ ይዞራል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የገራዶዋ ወተት ሻጭ ልታለቅስ መጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናቴ ለቅሶዋን አቆመች። ዐይኗን በሻሿ ጠረገችና ሴትዮዋን አየቻት።

«ወተት አለሽ?»

 ሴትዮዋ ወደ ጎረቤታችን አየች፤ ጎረቤታችን ወደ እኔ አየች።

«እስኪመጣ ነው ያልሁ» አለች እናቴ። «አይመጣም። አምጭልኝ።»

በኩባያ ተሰጣት። ሳታቋርጥ ጠጣችው፤ አንገቷ ሲንቀሳቀስ ሁላችንም እናያለን። ስትጨርስ ከንፈሯ ላይ ነጭ ቀርቶ ነበር። ጎረቤታችን ያን ጊዜ ጩኸቷን ለቀቀችው። መርዶ ሲነገር እንኳ እንደዚያ አልጮኸችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ወተት አላጣችም። የገራዶዋ ሴትዮ በየጠዋቱ ከደጃችን ሳትቆም አታልፍም። ምሳም ትበላለች፤ የምትበላው አንድ ነገር ለመጨረስ እንደሚሠራ ሰው ነው፣ ሳታወራ፣ ሳትመርጥ። ፀሐዩም መጣ፤ የጥቅምት የደሴ ፀሐይ አጥንት ድረስ ይገባል። ደጅ ትቀመጣለች፤ እግሯን ትዘረጋለች። ቡናዋንም አልተወችም። ስኒ ስትይዝ ግን ዱአውን ለሌሎቹ እናቶች ልጆች ታደርጋለች፤ የራሷ ልጅ ተራ ሲደርስ ዝም ብላ ትጠጣለች።

ጀሶው የተፈታ ቀን እኔ ነበርሁ ይዣት የሄድሁ። ያው ወጣት ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ አነሣው፤ ከዚያ ፊቱ በራ።

«ይዟል! በደንብ ይዟል። አየሽ» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቡናውን ሲተዉ እንዴት እንደሆነ!»

«ቡናውን አልተውሁም» አለች እናቴ። «ወተት ጀመርሁ።»

«በሉ ይሁን። እኔም ብያለሁኮ። ያኔውኑ ቢጀምሩ ይህን ሁሉ ባልተሠቃዩ ነበር። ምን ከለከለዎት?»

እናቴ ገና ከጀሶ የወጣውን ነጭ እግሯን እያሻሸች ነበር። ቀና አላለችም።

«ያኔ የምጠብቀው ሰው ነበረኝ» አለችው።

ሐኪሙ እኔን አየኝ፣ እንድተረጉምለት ነው መሰለኝ። አልተረጎምሁለትም። ወረቀቱ ላይ ጻፈ፤ ከዚያ በሐዘኔታ ድምፅ፣ ክራንቹን እዚያው እንድንተውለት ጠየቀን፤ የሚመጡት ቁስለኞች በዝተው ክራንች አንሷል። እናቴ ራሷ ግድግዳው ላይ አስደግፋ አቆመችው።

በሩ ላይ ትከሻዬን ሰጠኋት። ጥቂት ይዛኝ ሄደችና ለቀቀችኝ። ወደ ቧንቧ ውሃ በሚወስደው ዳገት ላይ ቀስ እያለች፣ ሳታነክስ ማለት ይቻላል፣ ከፊቴ ወጣች። ያን ያህል የተመኘሁት ነገር ነው፤ ለዚህ ነው ከእሷ የተጣላሁ፣ ለዚህ ነው ሸኽ ዘንድ የሄድሁ። እግሩ መሬቱን አምኖ ይረግጣል። ከኋላዋ ሆኜ እያየሁት፣ እንደዚያ ደኅና አድርጎ መርገጡን ጠላሁት።